ያውቁ ኖሯል? ከሸነን በቀር ሁሉንም ዘርዝር

አንድ ባለሙያ የምዕራብ ሸዋ ከተሞችን ፎቶና ሰነድ ሰብስቦ «ምዕራብ_ሸዋ» በሚል ፎልደር አስቀምጧል እንበል። በውስጡ አምቦ፣ ጉደር፣ ጊንጪ፣ ጌዶ፣ ባኮ እና ሸነን የተባሉ ንዑስ ፎልደሮች አሉ። በየከተማው ፎልደር ውስጥ ደግሞ «ፎቶ»፣ «ቪዲዮ»፣ «ዓመታዊ_ሪፖርት» የሚሉ ሌሎች ተደርበዋል። የጅባት ወረዳዋ ሸነን ሥራ ገና ስላላለቀ፣ ወደ አዲስ አበባ የሚላከው የፋይል ዝርዝር እሷን መዝለል አለበት። በማውስ እየከፈቱ አንድ በአንድ መልቀም ቀኑን ይበላል፤ ትእዛዝን በጽሑፍ በሚቀበለው ሼል ግን አንድ መስመር ይበቃል። መስመሯ አጭር ብትሆንም መዘዟ ብዙ ነው፤ የዛሬው ዓምዳችን ስለ እሷ ነው።

ትእዛዞቹን እዚህ እንደሚነበቡ በፊደላችን አስፍረናቸዋል፤ ኮምፒውተሩ ላይ በላቲን ይጻፋሉ። የፎልደሮቹን ስም ግን በአማርኛ እንዳለ መጻፍ ይቻላል።

ከመነሻው

• «ፋይንድ» የተባለው ፋይል ፈላጊ ትእዛዝ ከሃምሳ ዓመት በላይ አገልግሏል። የጻፈው ዲክ ሄይት ነው፤ ለሕዝብ የታየውም በአምስተኛው የዩኒክስ እትም፣ በ1974 እ.ኤ.አ. ነበር። በእኛ አቆጣጠር 1966 ዓ.ም.፣ አብዮቱ የፈነዳበት ዓመት መሆኑ ነው።

• ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚማረው የዝርዝር ትእዛዝ «ኤልኤስ» በራሱ የሚያሳየው አንድ ደረጃ ብቻ ነው። እስከ ታች እንዲወርድ «-አር» (ትልቁ አር) ይጨመርለታል። ትንሹ አር ግን ሌላ ሥራ አለው፤ ዝርዝሩን ከታች ወደ ላይ ይገለብጠዋል።

• ሊኑክስ ላይ ያለው «ኤልኤስ» ፎልደር የሚዘልበት የራሱ መላ አለው፤ ትልቁ አይ።

ኤልኤስ -አር -አይ ሸነን

ይህ ትእዛዝ የሸነንን ስምም አይጽፍም፣ ውስጡም አይገባም። ነገር ግን የሚያየው ስም ብቻ ነው። ጌዶ ውስጥ «ሸነን» የሚባል ሌላ ፎልደር ካለ እሱንም አብሮ ይዘለዋል።

• ያችው ፊደል ማክ ላይ ትርጉሟ ሌላ ነው። ከሊኑክስ የተቀዳ መስመር ማክ ላይ የጠበቁትን ሳይሰጥ ቢቀር ጥፋቱ የእርስዎ ላይሆን ይችላል። ሁለቱ «ኤልኤስ»ኦች ስማቸው አንድ ይሁን እንጂ የሠሯቸው እጆች የተለያዩ ናቸው።

• ስማቸው በነጥብ የሚጀምር ፋይሎች ከ«ኤልኤስ» ዓይን መሰወራቸው በዕቅድ የመጣ አይደለም። ከዩኒክስ ባለሙያዎች አንዱ የሆነው ሮብ ፓይክ እንደተረከው፣ የታሰበው «.» እና «..» የተባሉትን ሁለት መዝገቦች ብቻ ለመደበቅ ነበር። ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው አቋራጭ ፈልጎ «በነጥብ የሚጀምረውን ሁሉ እለፍ» አለው። አቋራጩ ልማድ ሆኖ ቀረ።

• «ፋይንድ» ይህን ልማድ አይከተልም። በነጥብ የሚጀምሩትንም ሳይቀር ሁሉንም ይዘረዝራል። ስለዚህ በ«ኤልኤስ» ያላዩት ፎልደር በ«ፋይንድ» ዝርዝር ውስጥ ብቅ ቢል አይደንግጡ፤ ድሮም እዚያው ነበር።

አለመግባትና ገብቶ ዝም ማለት

• አንድን ፎልደር «መዝለል» ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ጭራሽ አለመግባት ነው። ሌላው ገብቶ፣ ሁሉንም አይቶ፣ ያዩትን አለመናገር ነው። ውጤታቸው ስክሪን ላይ አንድ ይመስላል። ጊዜው፣ የስህተት መልእክቱና አደጋው ግን ለየቅል ነው። ከዚህ በታች የሚያነቡት አብዛኛው ነገር ከዚህች ልዩነት ይመነጫል።

• ብዙ ሰው የሚጽፈው ቀላሉ መስመር ሁለተኛው ዓይነት ነው።

ፋይንድ . -ኖት -ፓዝ './ሸነን/*'

እዚህ ላይ «ፋይንድ» ሸነን ውስጥ ይገባል፣ ያለውን ፋይል ሁሉ ስም በስም ይመረምራል፣ ከዚያ አይጽፈውም። መቶ ፋይል ከሆነ ልዩነቱ አይሰማዎትም። መቶ ሺህ ከሆነና ዲስኩ አሮጌ ከሆነ ግን ቡና አፍልተው ሊጠጡ ይችላሉ።

• በዚሁ መስመር የሸነን ፋይሎች ሲጠፉ «./ሸነን» የሚለው የፎልደሩ ስም ግን ዝርዝሩ ላይ ይቀራል። ምክንያቱም የከለከልነው ከመጨረሻው እዝባር (/) በኋላ ያለውን ነው፤ ፎልደሩ ራሱ ከእዝባሩ በፊት ነው።

• አለመግባትን የሚያዘው ቃል «-ፕሩን» ነው፤ ቅርንጫፉን ከሥሩ ይቆርጠዋል። ሙሉው መስመር ይህ ነው።

ፋይንድ . -ፓዝ ./ሸነን -ፕሩን -ኦ -ታይፕ ኤፍ -ፕሪንት

«-ኦ» «ወይም» ማለት ነው፤ «-ታይፕ ኤፍ» ፎልደሩን ትቶ ፋይሉን ብቻ ይመርጣል።

• ይህ መስመር የሚነበበው ከግራ ወደ ቀኝ ነው፤ ለእያንዳንዱ ስም ጥያቄው እንደ አዲስ ይጠየቃል። «./አምቦ» ሲመጣ «ሸነን ነህ?» ይባላል፤ አይደለም። ስለዚህ ከ«ወይም» ወዲያ ይታለፍና «ፋይል ነህ?» ይባላል፤ እሱም አይደለም፣ ፎልደር ነው። አይጻፍም፣ ግን ይገባበታል። «./አምቦ/ፎቶ/ገበያ.ጄፒጂ» ሲመጣ ሸነን አይደለም፣ ፋይል ነው፣ ይጻፋል። «./ሸነን» ሲመጣ የመጀመሪያው ጥያቄ «አዎ» ይሆናል፤ «-ፕሩን» በሩን ይዘጋል፣ መልሱም «እውነት» ነው። ከ«ወይም» በግራ ያለው እውነት ከሆነ ደግሞ የቀኙ ጨርሶ አይጠየቅም። ሸነን የተዘለለችው በዚህ መንገድ ነው።

• መጨረሻ ላይ ያለው «-ፕሪንት» ጌጥ አይደለም። ከተዉት «ፋይንድ» ራሱ ይጨምርልዎታል፤ የሚጨምረው ግን ለመላው ዓረፍተ ነገር ነው። ያን ጊዜ ከ«ወይም» በግራ እውነት የሆነው «./ሸነን»ም ይጻፋል። ውስጡ ያልተገባበት ፎልደር ስሙ ብቻ ዝርዝሩ ላይ ተንጠልጥሎ ካዩ፣ የጎደለው ይህ ቃል ነው።

• «-ፓዝ» አንድን ቦታ ለይቶ ይጠቁማል፤ «-ኔም» ግን ስሙን በተገኘበት ሁሉ ያሳድዳል። ከሁሉም ከተሞች ውስጥ «ቪዲዮ» የሚባለውን ፎልደር መዝለል ሲያሻ «-ኔም ቪዲዮ -ፕሩን» ይበቃል፤ ስድስቱን አንድ በአንድ መጥራት አያስፈልግም።

• ሁለት ወይም ሦስት ፎልደር በአንዴ ሲዘለል ስሞቹ በቅንፍ ይታሰራሉ።

ፋይንድ . \( -ኔም ፎቶ -ኦ -ኔም ቪዲዮ \) -ፕሩን -ኦ -ታይፕ ኤፍ -ፕሪንት

ከቅንፎቹ በፊት ያለችው ወደ ኋላ ያዘነበለች ጭረት አትዘለልም። ቅንፍ ለሼሉ የራሱ ትርጉም ስላለው፣ ያለ ጭረቷ ቅንፉ «ፋይንድ» ዘንድ ሳይደርስ በሼሉ ይያዛል።

• ለመግባት ፈቃድ የሌለዎት ፎልደር ካለ የ«-ኖት -ፓዝ» ዘዴ የስህተት መልእክት ያዘንብብዎታል፤ በ«-ፕሩን» የተዘለለ ፎልደር ግን ቅሬታ አያሰማም፣ በሩ አልተንኳኳማ። መልእክቱን የተላከለትን ሁሉ ወደሚውጠው «ባዶው ጉድጓድ» መላክ የተለመደ መላ ነው። ጩኸቱን ያፍነዋል እንጂ መግባቱን አያስቀረውም።

ጥቃቅን ስህተቶች

• ፍለጋውን በነጥብ ከጀመሩ፣ «ፋይንድ» የሚያየው እያንዳንዱ አድራሻ በ«./» ይጀምራል። ስለዚህ «-ፓዝ ሸነን» ብለው ቢጽፉ ከምንም ጋር አይገጥምም፤ መባል ያለበት «./ሸነን» ነው።

• ትርፍ እዝባርም ያው ነው። «./ሸነን/» ብለው ቢጨርሱ በእዝባር የሚያልቅ አድራሻ ስለሌለ ምንም አይዘለልም። ሊኑክስ ላይ ያለው «ፋይንድ» ይህን ሲያይ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፤ ማስጠንቀቂያውን የሚያነበው ግን ጥቂት ሰው ነው።

• የኮከብ ምልክት ያለበት ስም በጥቅስ ካልታሰረ፣ ኮከቡን የሚፈታው ሼሉ ነው፤ ለ«ፋይንድ» የሚደርሰው የተፈታው ነው። በአጋጣሚ እዚያው ፎልደር ውስጥ የሚገጥም ፋይል ከሌለ መስመሩ ይሠራል፤ ነገ አንድ ፋይል ሲጨመር ይበላሻል። ትናንት የሠራ ስክሪፕት ዛሬ እምቢ ሲል መጀመሪያ ጥቅሶቹን ይዩ።

• ከባኮ የምርምር ማዕከል የወጡ የበቆሎ ዝርያዎች በ«ቢኤች» ስማቸው ይታወቃሉ፤ ቢኤች-540፣ ቢኤች-660፣ ቢኤች-661 ከእነሱ መካከል ናቸው። የዝርያዎቹ መረጃ በየስማቸው በተሰየመ ፎልደር ቢቀመጥ፣ «'ቢኤች-6*'» የሚለው ሁለቱን ዘሎ ቢኤች-540ን ብቻ ያስቀራል፤ «'ቢኤች-66?'»ም ለጊዜው ያው ነው። ኮከብ ስንትም ፊደል ይሸፍናል፣ የጥያቄ ምልክት ግን አንድን ብቻ።

• የአምቦ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ስም ክፍት ቦታ አለው፤ ሀጫሉ ሁንዴሳ፣ ማሞ መዘምር። «-ኔም ሀጫሉ ሁንዴሳ» ብለው ያለ ጥቅስ ቢጽፉ ሼሉ ሁለት ቃል አድርጎ ይሰጠዋል፣ «ፋይንድ»ም «ሁንዴሳ» የሚለውን እንደ ሌላ አድራሻ ቆጥሮ ያኮርፋል። ሁለቱን ስሞች አንድ የሚያደርጋቸው ጥቅስ ነው።

• ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። «-ዲሊት» የሚለው የመሰረዣ ቃል ሲገባ «ፋይንድ» አካሄዱን ይቀይራል፤ ፎልደሩን ከማየቱ በፊት ውስጡን ይጨርሳል። ፎልደር ሊሰረዝ የሚችለው ውስጡ ባዶ ሲሆን ነውና። በዚህ አካሄድ «-ፕሩን» ሥራ አይሠራም፤ «አትግባ» የሚለው ትእዛዝ ሲደርስ ውስጡ አስቀድሞ ተጎብኝቷል። ሊኑክስ ላይ ያለው እትም ሁለቱን አብረው ሲያይ ሥራውን አቁሞ ያስጠነቅቃል። ሌላ ቦታ ይህን ጥንቃቄ አይጠብቁ። ከመሰረዝዎ በፊት በ«-ዲሊት» ፈንታ «-ፕሪንት» አድርገው ዝርዝሩን ይመልከቱ።

• «ፋይንድ /» ብሎ ከሥሩ የጀመረ ሰው ከፋይሎቹ ጋር «ፕሮክ» የሚባለውን፣ ዲስክ ላይ የሌለውን የሊኑክስ የውስጥ መዝገብም ያገኛል። «-ኤክስዴቭ» የሚለው ቃል ፍለጋው ከተነሳበት ዲስክ እንዳይወጣ ያደርጋል። ፎልደሮችን በስም ሳይጠሩ በጅምላ የመዝለያ መንገድ ነው።

በእኛ ፊደል

• አማርኛ ሲያሳጥር እዝባር ይወዳል፤ ጽ/ቤት፣ ት/ቤት፣ ም/ኃላፊ። በሊኑክስ የፋይል ስም ውስጥ ፈጽሞ የማይገቡት ግን ሁለት ነገሮች ብቻ ናቸው፤ ባዶው ባይት እና እዝባር። «ጽ/ቤት» የሚል ፎልደር በሼል ቢያዝዙ፣ ትእዛዙ ወይ እምቢ ይላል፣ ወይ «ጽ» የሚባል ፎልደር ፈጥሮ በውስጡ «ቤት»ን ያስቀምጣል። ከዚያ በኋላ «-ኔም 'ጽ/ቤት'» ብሎ መዝለል አይቻልም፤ በዚያ ስም የሚጠራ ነገር የለም።

• ማክ ላይ ግን በመስኮቱ በኩል «ጽ/ቤት» ብለው መሰየም ይችላሉ። ተርሚናል ከፍተው ሲያዩት ስሙ «ጽ:ቤት» ሆኖ ያገኙታል፤ ማክ እዝባሩን በሁለት ነጥብ ለውጦ ነው የሚያስቀምጠው። በትእዛዝ ሲዘሉትም በሁለት ነጥቡ ይጥሩት።

• አንዱ ጸሐፊ «ዓመታዊ»፣ ሌላው «አመታዊ»፣ ሦስተኛው «ዐመታዊ» ብሎ ይጽፋል። ለአንባቢ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ሦስት የተለያዩ ስሞች ናቸው። አንዱን ብቻ ጠርተው ቢዘሉ ሁለቱ ዝርዝሩ ውስጥ ይቀራሉ። መድኃኒቱ ማዕዘን ቅንፍ ነው፤

-ኔም '[ዓአዐ]መታዊ*' -ፕሩን

ለሀ፣ ሐ፣ ኀ፣ ለሰና ሠ፣ ለጸና ፀም እንዲሁ።

• ትልቅና ትንሽ ፊደል ሳይለይ የሚፈልገው «-አይኔም» ለአማርኛ ስም ምንም አይጨምርም። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የለውም።

• ፊደላችን ወደ ዩኒኮድ የገባው በሦስተኛው እትም፣ በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። በዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ እያንዳንዱ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል፤ «ሸ» 225፣ 136፣ 184 ተብሎ ይቀመጣል። ሌሎቹም የዚያ መደብ ፊደላት ሁሉ በ225 ይጀምራሉ። ስለዚህ «ሸነን» ዘጠኝ ባይት ነው።

• ይህ በፋይል ስም ርዝመት ላይ ይታያል። በሊኑክስ ዘንድ የተለመደው «ኤክስት-4» የተባለው የዲስክ አደረጃጀት ለአንድ ስም 255 ባይት ይፈቅዳል። በላቲን 255 ፊደል፣ በአማርኛ ግን 85 ብቻ። የዊንዶውሱ «ኤንቲኤፍኤስ» የሚቆጥረው በሌላ መለኪያ ስለሆነ 255 የአማርኛ ፊደል ይይዛል። ረጅም የደብዳቤ ርእስ የፋይል ስም አድርገው ከዊንዶውስ ወደ ሊኑክስ ሲገለብጡ እምቢ ካለዎት ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል።

• የጥያቄ ምልክት አንድ ፊደል ይሸፍናል ብለን ነበር። ሼሉ «ሲ» በተባለው መሠረታዊ የቋንቋ ቅንብር ሲሠራ ግን የሚቆጥረው ባይት ነው፤ «ሸነን»ን ለመሸፈን ዘጠኝ የጥያቄ ምልክት ይፈጃል። ማዕዘን ቅንፉም ያኔ አይታመንም። ሌሊት በራሳቸው የሚነሡ ስክሪፕቶች ብዙ ጊዜ በዚህ ቅንብር ስለሚሠሩ፣ ቀን በእጅ ሲሞከር የዘለለውን ፎልደር ሌሊት ላይዘሉት ይችላሉ።

• የጥንቱ ቃል መለያ ሁለት ነጥብ «፡» ለሼሉ ክፍት ቦታ አይደለም። «ማሞ፡መዘምር» ተብሎ የተሰየመ ፎልደር ያለ ጥቅስም አንድ ቃል ሆኖ ያልፋል። የአባቶች አጻጻፍ እዚህ ላይ ከዘመናዊው ይመቻል።

• «2016 ዓ.ም.» ብለው በነጥብ የጨረሱት የፎልደር ስም ዊንዶውስ ላይ የመጨረሻዋን ነጥብ ያጣል። ሊኑክስ ላይ በነጥቡ የተጻፈው የመዝለያ መስመር ዊንዶውስ ላይ ከተፈጠረው ፎልደር ጋር የማይገጥመው ለዚህ ነው።

• በአምቦና በዙሪያዋ ብዙው ሰነድ በአፋን ኦሮሞ፣ በቁቤ ይጻፋል። ቁቤ «ሁዻ» የሚባል ምልክት አለው፤ «ሀርአ» (ዛሬ) በሚለው ቃል ውስጥ እንደሚገባው ማለት ነው። ምልክቱ በኮምፒውተር ላይ የሚጻፈው በነጠላ ጥቅስ ነው፤ ነጠላ ጥቅስ ደግሞ ለሼሉ «ጥቅስ ተከፈተ» ማለት ነው። እንዲህ ያለ ስም ያለ ጥንቃቄ ሲጻፍ ሼሉ መዝጊያውን እየጠበቀ ቁጭ ይላል። ስሙን በድርብ ጥቅስ ማሰር ይፈታዋል።

• ሁዻ ሌላም ቦታ ያስቸግራል። የ«ፋይንድ»ን ዝርዝር ተቀብሎ ለሌላ ትእዛዝ የሚያድለው «ኤክስአርግስ» በፋይል ስም ውስጥ ያገኘውን ጥቅስ እንደ ጥቅስ ይቆጥረዋል፣ ክፍት ቦታውንም መለያ ያደርገዋል። «-ፕሪንት0» ከ«ኤክስአርግስ -0» ጋር ሲጣመር ስሞቹ በባዶው ባይት ይለያሉ፤ በስም ውስጥ ሊገባ የማይችል ነገር ስለሆነ ምንም አይምታታም። ይህ ጥምረት ዓለም አቀፉ የፖዚክስ ደረጃ ውስጥ የተካተተው በ2024 እ.ኤ.አ. ነው።

• «ፋይንድ» ኅዳርንም ጳጉሜንም አያውቅም። ከመስከረም 1 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ የተነካውን ፋይል ለመዘርዘር «-ኒወርኤምቲ 2023-09-12» ይባላል። 2015 ዓ.ም. ጳጉሜን ስድስት ስለነበረች ዘመን መለወጫው በፈረንጁ ሴፕቴምበር 11 ሳይሆን ሴፕቴምበር 12 ላይ ውሏል፤ አንዲት ቀን ብትሳሳት ዝርዝሩም ይሳሳታል።

ሌሎቹ መሣሪያዎች

• በፋይሎች ውስጥ ቃል የሚፈልገው «ግሬፕ» የኬን ቶምፕሰን ሥራ ነው። ሊኑክስ ላይ «--ኤክስክሉድ-ዲር=ሸነን» ሲባል ፎልደሩ ውስጥ አይገባም። የሚያየው ግን የፎልደሩን ስም ብቻ ነው፤ «ጌዶ/ሸነን» ብለው ሙሉ አድራሻ ቢሰጡት አይገባውም። ይኸው ቶምፕሰን ከሮብ ፓይክ ጋር በ1992 እ.ኤ.አ. ዩቲኤፍ-8ን ነደፈ፤ አማርኛ የፋይል ስም ዛሬ ያለ ችግር የሚጻፈው በዚያ ንድፍ ነው።

• ዝርዝሩን ቅርንጫፍ እየሣለ የሚያሳየው «ትሪ» ፎልደሮችን በትልቁ አይ ይዘላል፤ ብዙ ስም ሲሆን በቀጥ ያለ መስመር ይለያያሉ፤ «ትሪ -አይ 'ሸነን|ጌዶ'»። ጥቅሱ ከቀረ ሼሉ መስመሩን የቧንቧ ምልክት አድርጎ ይወስደውና «ጌዶ» የሚባል ፕሮግራም ፍለጋ ይወጣል።

• ፋይል አመሳስሎ የሚገለብጠው «አርሲንክ» ዘንድ «--ኤክስክሉድ=ሸነን» በየትኛውም ደረጃ ያለውን ሸነን ይዘላል፤ «--ኤክስክሉድ=/ሸነን/» ግን ከላይኛው ደረጃ ያለውን ብቻ። እዚህ የመጀመሪያው እዝባር የዲስኩ ሥር ማለት አይደለም፤ የሚገለበጠው ፎልደር ሥር ማለት ነው። የመጨረሻው ደግሞ «ፎልደር ብቻ» ይላል። «ፋይንድ» ላይ ያበላሸው ትርፍ እዝባር እዚህ ሥራ አለው።

• በባሽ ሼል «ኤልኤስ -አር !(ሸነን)» ማለት «ከሸነን በቀር» ነው። የሚዘልለው ግን ከላይኛው ደረጃ ያለውን ብቻ ነው። ይህ አጻጻፍ ኡቡንቱ በተባለው ሊኑክስ ተርሚናል ላይ ሠርቶ ስክሪፕት ውስጥ ሲገባ እምቢ ይላል፤ ተርሚናሉ ሲከፈት የሚነቃው ቅንብር ስክሪፕት ውስጥ ተኝቶ ነው የሚገኘው።

• እስከ ታች የሚወርደው ድርብ ኮከብ «**» ባሽ ውስጥ የገባው በአራተኛው እትም፣ በ2009 እ.ኤ.አ. ነው። ማክ ግን ከፈቃድ ሕጉ የተነሣ እስካሁን አብሮት የሚመጣው ባሽ 3.2 ነው፤ እዚያ ድርብ ኮከብ እንደ ነጠላው ይቆጠራል።

• ሊነስ ቶርቫልድስ በ2005 እ.ኤ.አ. የጀመረው የፋይል ለውጥ መዝጋቢ «ጊት» አንድ የሚያስገርም ሕግ አለው። «ሸነንን ተዋት» ካሉት በኋላ «በሸነን ውስጥ ያለችውን አንዲት ደብዳቤ ግን ያዝ» ቢሉት አይሰማም። ፎልደሩ ከተዘለለ ጊት ውስጡን ስለማያይ ደብዳቤዋ መኖሯንም አያውቅም። ያው የ«-ፕሩን» ነገር ነው።

• ፍላሽ ላይ ያለ ፋይል በ«ሎኬት» ትእዛዝ ፈልገው ካጡት፣ አልጠፋም። «ሎኬት» የሚፈልገው አስቀድሞ ከተዘጋጀ መዝገብ ነው፤ ኡቡንቱ ላይ መዝገቡ ሲዘጋጅ እንዲዘለሉ ከታዘዙት ቦታዎች አንዱ ፍላሽ የሚከፈትበት «ሚዲያ» ፎልደር ነው። እርስዎ ሳያዝዙ የተዘለለ ፎልደር ማለት ይህ ነው።

• በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ «ኦኤስ-ዎክ» ፎልደሮችን ከላይ ወደ ታች እየወረደ ሲቆጥር የንዑስ ፎልደሮቹን ስም ዝርዝር ይሰጥዎታል። ከዚያ ዝርዝር ውስጥ «ሸነን»ን ካወጡት አይገባባትም። አዲስ ዝርዝር ሠርተው ቢተኩት ግን ዋጋ የለውም፤ መነካት ያለበት ያው የተሰጠዎት ነው።

• የዊንዶውሱ «ፓወርሼል» እስከ ታች ሲዘረዝር «-ኤክስክሉድ ሸነን» ቢሉት የፎልደሩን ስም ይደብቃል፣ በውስጡ ያሉትን ፋይሎች ግን ያሳያል። የሚፈልጉት ተቃራኒው ሆኖ ሳለ። «ሮቦኮፒ» በ«/ኤክስዲ» በትክክል ይዘላል፤ «/ኤል» ከተጨመረበት ምንም ሳይገለብጥ ዝርዝሩን ብቻ ያወጣል።

ፍላሹ ሲሰካ

• ዊንዶውስ በነካው ፍላሽ ላይ «ሲስተም ቮሊዩም ኢንፎርሜሽን» የሚባል ፎልደር ይፈጠራል። በስሙ ውስጥ ሁለት ክፍት ቦታ ስላለ ሲዘለል በጥቅስ ይታሰራል። «$ሪሳይክል.ቢን» የሚባለው የቆሻሻ ቅርጫት ደግሞ ድርብ ጥቅስ አይበቃውም፤ ሼሉ የዶላሩን ምልክት ሲያይ ተለዋዋጭ መስሎት ከነጥቡ በፊት ያለውን ስም ባዶ ያደርገዋል። እሱን የሚይዘው ነጠላ ጥቅስ ነው።

• በየኮምፒውተር ቤቱ ስንቱን ያስለቀሰው የ«ሾርትከት» ቫይረስ ፎልደሮችን የሚሰውረው በዊንዶውስ የመደበቂያ ምልክት ነው። ሊኑክስ ይህን ምልክት ለዝርዝር አይቆጥረውም፤ ፍላሹን ሊኑክስ ላይ ሰክተው «ኤልኤስ» ቢሉ ጠፉ የተባሉት ሰነዶች እንደነበሩ ይታያሉ።

ከመላክዎ በፊት

• ዝርዝሩ ትክክል መሆኑን ለማወቅ ሦስት ቁጥር ይበቃል። «-ታይፕ ኤፍ» ብለው ከላይ ጀምረው ያሉትን ፋይሎች ሁሉ በ«ደብሊውሲ -ኤል» ይቁጠሩ፤ ቀጥሎ ከ«./ሸነን» ጀምረው የእሷን ብቻ፤ በመጨረሻ በ«-ፕሩን» የቀሩትን። ሁለተኛውና ሦስተኛው ሲደመሩ የመጀመሪያውን ማምጣት አለባቸው። ከጎደለ፣ «-ኔም» ተጠቅመው ሌላ ቦታ ያለ ስመ ሞክሼ ፎልደር አብረው ዘለዋል። በብዙ ከበለጠ አድራሻው አልገጠመም፤ «./»ንና ትርፍ እዝባሩን ይዩ። በአንድ ብቻ ከበለጠ ደግሞ ያቺ አንዷ ፋይል አይደለችም፤ «./ሸነን» የሚለው የፎልደሩ ስም ናት፤ «-ፕሪንት»ን ረስተዋል ማለት ነው።